የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ድምፅ የሌለው ዕድገት ስለ መመስከር፦ ለትምህርት ቤቱ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ የዕቅድ ውይይት

የኅብረቱ ጸሐፊ፣ ነሐሴ 8

የተከበራችሁ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት፣ በሰኔው የካርድ መስጫ ቀን የተነሣውን ጉዳይ በጽሑፍ ተወያይተን ለመጨረስ በተስማማነው መሠረት ውይይቱን እከፍታለሁ። እንደምታስታውሱት በዕለቱ ከየክፍሉ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ተማሪዎች እየተጠሩ መዝገበ ቃላትና ደብተር ሲቀበሉ፣ አንዲት እናት ከኋላ ሆነው «ሽልማቱስ ይቅር፤ ልጄ ዘንድሮ ምን ያህል እንደ ተለወጠች የሚነግረኝ ሰው አጣሁ» ብለው ነበር። ንግግራቸውን በቃለ ጉባኤው ላይ ባላሰፍረውም ከጆሮዬ አልጠፋም።

በእኔ በኩል ያሰብሁት፣ ከደረጃ ተሸላሚዎቹ ቀጥሎ በየክፍሉ አንድ «በዓመቱ እጅግ የተሻሻለ ተማሪ» ተመርጦ እንዲሸለም ነው። ሐሳቡ ለርእሰ መምህሩ የሚቀርበው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ እስከ ነሐሴ 25 አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የሒሳብ መምህርና የ7ኛ «ለ» ስም ጠሪ፣ ነሐሴ 9

ለጸሐፊያችን ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ በሽልማቱ አልስማማም። ከ58 ተማሪ አንዱን መርጠን ስንሸልም የቀሩትን 57 አላደጋችሁም ማለታችን ይሆናል፤ መለኪያችንም የ2ኛው ሴሚስተር አማካይ ከ1ኛው የሚበልጥበት ነጥብ ከሆነ፣ መጀመሪያ ክፉኛ የወደቀው ልጅ ያለ ተቀናቃኝ ያሸንፋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ በከተማችን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ በ6ኛ ክፍል በአማርኛ ሲማር ሁሉን ይመልስ የነበረ ልጅ በድንገት አፉ ይያዛል። ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ታግሎ ውጤቱን ባለበት ካቆየ እኔ እንደ ትልቅ ዕድገት እቆጥርለታለሁ፤ በካርዱ ላይ ግን ምንም አይታይም።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። በጥቅምት ወር የአንድ ተማሪዬን ደብተር ሳርም ገጾቹ ተበሳስተው አገኘኋቸው፤ ልጁ ስሕተቱን እንዳላይበት ጣቱን በምራቅ እያራሰ የእስክሪብቶውን ቀለም ሲፍቅ ወረቀቱ ይቀደድ ነበር። በሚያዝያ ያንኑ ደብተር ስከፍት፣ የተሳሳተውን መሥመር በአንዲት ቀጭን ጭረት ሰርዞ ከሥሩ እንደ ገና ሠርቶታል፤ በኅዳጉም ላይ በአማርኛ «የመቀነስ ምልክቷን ረሳሁ» ብሎ ጽፏል። ስሕተቱን መደበቅ ትቶ ምክንያቱን መፈለግ ጀመረ ማለት ነው፤ በሃያ ዓመት የማስተማር ልምዴ ከዚህ የሚበልጥ የሒሳብ ዕድገት ብዙም አላየሁም። የዚህ ልጅ ደረጃ ግን በ1ኛው ሴሚስተር 41ኛ፣ በ2ኛው 43ኛ ነው። ካርዱን የተቀበሉት አባቱ ምን ብለው እንደ ተቆጡት መገመት አያዳግትም።

ወላጅ አባል፣ ነሐሴ 10

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ትናንት ማታ ይህን ካነበብሁ በኋላ የልጆቼን የቆዩ ካርዶች ከሳጥን አውጥቼ ደረደርሁና «የስም ጠሪው አስተያየት» የሚለውን ቦታ ብቻ አየሁ። በተለያየ የእጅ ጽሑፍ፣ በተለያየ ቀለም፣ ከአንድ ካርድ በቀር ሁሉም ላይ የተጻፈው «በርታ» ወይም «በርቺ» ነው። አንዱ ላይማ ለወንዱ ልጄ «በርቺ» ተብሎለታል። ጠባይ በሚለውም ረድፍ ሦስቱም «ሀ» ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ የቤቱን ዕቃ ሁሉ የሚሰብር መሆኑን እኔ አውቃለሁ።

ስለዚህ አዲስ ሽልማት ከምንፈጥር ይህን ለዓመታት ባዶ የኖረ ቦታ ብንሞላው ምን ይመስላችኋል? ቦታው ቢጠብብ እንኳ በካርዱ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ወረቀት ሊጨመር ይችላል። ብቻ በእንግሊዝኛ አይሁን፤ የሚያነበው ወላጅ ነውና።

ጡረታ የወጡ መምህርት፣ የኅብረቱ አማካሪ፣ ነሐሴ 11

ልጆቼ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። እኛ ማስተማር ስንጀምር 7ኛ እና 8ኛ ክፍል «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ይባል ነበር፤ ሥርዓቱም 6፣ 2፣ 4 ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እነዚህን ሁለት ክፍሎች ከ1ኛ እስከ 8ኛ በሚዘልቀው አንደኛ ደረጃ ውስጥ ጠቀለላቸው፤ አሁን ደግሞ «መካከለኛ ደረጃ» ተብለው ለብቻቸው ወጥተዋል። ስሙ ተመላለሰ እንጂ የልጆቹ ዕድሜ ያው ነው፤ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት። በዚህ ዕድሜ ልጅ ከምንም በላይ የሚፈራው የጓደኛውን ዓይን ነው።

ይህን የምለው ራሴ ያጠፋሁት ስላለ ነው። ከረጅም ዓመት በፊት፣ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ኅዳር ላይ እጁን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጎ፣ ከትከሻው ግን ሳያሳልፍ፣ አወጣልኝ። አነበበ፤ ጥሩ አነበበ። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ በማግስቱ ሰልፍ ላይ ስሙን ጠርቼ አስጨበጨብሁለት። የክፍሉ ልጆች ከዚያች ቀን ጀምሮ «ጋዜጠኛው» አሉትና ልጁ እስከ ፋሲካ ድረስ እጁን አላወጣም። አጥፊዋ እኔ ነኝ፤ ያን እጅ ሳይነግሩት ማየት ይበቃ ነበር፤ ወይም ደብተሩን ስመልስለት በጆሮው ማለት እችል ነበር። ስለዚህ ምን ብትወስኑ በማይክሮፎን የሚነገር ነገር እንዳይኖርበት አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ነሐሴ 12

እትዬ እንዳሉት ነው። እኔ የምፈራው ሌላውን ነው፤ ሥራው በማን ላይ ይወድቃል? የማስተምረው 4 ክፍል፣ ወደ 240 ተማሪ ነው። የተከታታይ ምዘናውን ነጥብ መመዝገብና ማስረከብ ብቻውን ቅዳሜዬን ይበላዋል። ስለ 240 ልጅ ጻፊ ከተባልሁ በሰኔ መጨረሻ ሌሊት ተቀምጬ «ተሳትፎዋ ተሻሽሏል» የሚል ዐረፍተ ነገር 240 ጊዜ እደግማለሁ፤ ያኔ ከ«በርቺ» ያተረፍነው ነገር የለም።

የሚቻለው ይህ ይመስለኛል። ጸሐፊው ስም ጠሪው ብቻ ይሁን፤ በሳምንት 4 ተማሪ ብቻ ልብ ብሎ ይመልከት። 58 ልጆች በ15 ሳምንት ያልቃሉ፤ ይህም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ ያለውን ጊዜ ያህል ነው። የሳምንቱን 4 ስሞች ለሌሎቻችን ቀድሞ ከነገረን፣ ያየነውን በመምህራን ማረፊያ ክፍል በሻይ ሰዓት በአንድ ቃል እንነግረዋለን። ጮኸው የሚረብሹትና ከፊት የሚቀመጡት ያለ ዝርዝርም ይታያሉ፤ ዝርዝሩ የሚጠቅመው ከመሐል ረድፍ ተቀምጠው ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ስማቸውን የማንይዝላቸውን ነው። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት አንዷን በእኅቷ ስም ስጠራት ኖሬ፣ አንድም ቀን አላረመችኝም።

ወላጅ አባል (አባት)፣ ነሐሴ 13

የመምህርቷ ስሌት ጥሩ ነው። እኔ የምጨነቀው ቤት ሲደርስ በሚሆነው ነው። «ቀድሞ የቤት ሥራ ከጓደኛዋ ትቀዳ ነበር፤ አሁን ግን ራሷ ትሠራለች» ብላችሁ ብትጽፉ፣ እኔን ጨምሮ ብዙ አባት የሚያነበው እስከ ድርብ ሰረዙ ነው። «ለካ ስትቀጂ ነው የከረምሽው!» ተብሎ ምስጋናው ዱላ ይሆናል። ስለዚህ የዛሬው ብቻ ይጻፍ እላለሁ።

የሒሳብ መምህር፣ ነሐሴ 13

ጋሼ፣ ትክክል ነዎት፤ ይህን አላሰብሁትም ነበር። ነገር ግን የትናንቱ ፈጽሞ ከቀረ ዕድገቱ አይነበብም፤ «ስሕተቱን በጭረት ይሰርዛል» ተብሎ ቢጻፍ አባትየው ምን ይረዱታል? የሚያሳፍር ካልሆነ ይጻፍ፣ የሚያሳፍር ከሆነ ይቅር ብንል ይሻላል፤ ሲያጠራጥርም ልጁ ራሱ አስቀድሞ ያንብበው።

የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ የተማሪዎች ተወካይ፣ ነሐሴ 14

በዚህ ውይይት እንድሳተፍ ስለ ፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ታጥፎ ቢሰጠን ደስ ይለናል፤ ክፍት ሆኖ ከመጣ ከእጃችን ተነጥቆ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሁለተኛ፣ መምህራን የማያዩት አለ። አንዲት ጓደኛዬ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ታናሽ ወንድሟን ትምህርት ቤት አድርሳ ስለምትመጣ አርፋጅ ተብላ ከበር ትቆም ነበር፤ ከየካቲት ጀምሮ ግን ከጎረቤት ልጅ ጋር ተራ ተስማምታ አላረፈደችም። መምህሩ የሚያየው ማርፈዷ እንደ ቀረ ነው፤ እንዴት እንደ ቀረ የምታውቀው እሷ ናት። የፈለገ ተማሪ ከመምህሩ ጽሑፍ ሥር አንድ መሥመር እንዲጽፍ ቦታ ይተውልን። በመጨረሻም የ8ኛ ክፍል በ1ኛው ሴሚስተር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ የሚኒስትሪ ፈተና ስለሚደርስ ከነጥብ በቀር ሌላ የሚጠይቀን ሰው የለም።

የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ነሐሴ 14

በደስታ እደግፋለሁ። ማርክ እንዳይሰጥበት ብቻ! ማርክ ከተሰጠበት በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሸጣል።

የኅብረቱ ጸሐፊ፣ ነሐሴ 17

የሽልማቱን ሐሳብ አንሥቻለሁ። እስካሁን ከተባለው ተነሥቼ ያረቀቅሁት ይህ ነው፦

«ኅብረቱ በመጪው የትምህርት ዘመን 1ኛ ሴሚስተር በ7ኛ «ለ» እና በአንድ የ8ኛ ክፍል ምድብ የሚሞከር አሠራር ያቀርባል። ስም ጠሪው መምህር በሳምንት 4 ተማሪዎችን በተራ እየተመለከተና ከሌሎች መምህራን እየጠየቀ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ በሴሚስተሩ አንድ ጊዜ፣ በዐይኑ ያየውን አንድ የተለወጠ ነገር በአማርኛ ከሁለት ባልበለጠ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። «ጎበዝ»፣ «ጨዋ»፣ «በርታ» የሚሉና ለማንም ሊባሉ የሚችሉ ቃላት ብቻቸውን አይበቁም። የቀድሞው ሁኔታ የሚጠቀሰው ተማሪውን የማያሳፍር ሲሆን ብቻ ነው። ጽሑፉን ተማሪው አስቀድሞ ያነባል፤ ከፈለገም ከሥሩ የራሱን መሥመር ይጨምራል። ወረቀቱ ታጥፎ በካርዱ ውስጥ ለወላጅ ይሰጣል፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅ ስም ጠሪው በቃል ይነግረዋል፤ በሰልፍም ሆነ በመድረክ አይነበብም፤ ነጥብ አይያዝበትም፤ ተማሪዎችንም ለማወዳደር አይውልም።»

ሁለት ያልተቋጩ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ የደረጃ ሽልማቱ እንዳለ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለው ነው፤ ሦስት አባላት በውስጥ ጽፈውልኝ ይቅር ብለዋል፤ እኔ ግን ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ካቀረብን ርእሰ መምህሩ ሁለቱንም ለስብሰባ ያሳድሩብናል ብዬ ስለምሰጋ ለጊዜው አላስገባሁትም። ሁለተኛው፣ በተከታታይ የቀረ ተማሪ ተራው ሲደርስ ምን ይደረግ የሚለው ነው።

ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ነሐሴ 18

ለቀረው ልጅ ተራው ይቆየው፤ የሚጻፍለት ግን የግድ ይኑር። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀረ ስም ጠሪው ቤቱ ሄዶ ይጠይቅ፤ እኛ እንዲያ እናደርግ ነበር። ስለ ደረጃው ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ አንዱን በር ከፍተን እንግባ።

የኅብረቱ ጸሐፊ፣ ነሐሴ 18

ተጨምሯል። የሁለቱ ምድብ ወረቀት ወደ 120 ቁራጭ ስለሆነ ከኅብረቱ መዋጮ ይሸፈናል። ሰኞ በ3 ሰዓት ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ደብዳቤውን ይዘን የምንገባው የሒሳብ መምህሩ፣ ካርዶቹን የደረደሩት እናትና እኔ ነን። እናታችን፣ እባክዎ ካርዶቹን ይዘዋቸው ይምጡ፤ «በርቺ» የተባለውን የወንዱን ልጅ ካርድ እንዳይረሱት።