ጥያቄ፦ ሰልፍና ግርግር የሌለበት ስኪ ለሙሽሮች

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ አለችኝ። ሥራዬ ባብዛኛው የጣና ገዳማትና ጢስ ዓባይ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ የቡሬ ነጋዴ ያልለመድኩትን አዘዘኝ። ልጁ ጥር 13 ያገባል፤ ሙሽሮቹ መልሱ እንዳለቀ ጥር 17 ተነሥተው ለሳምንት ስኪ (የበረዶ ላይ መንሸራተት) ሊሄዱ ነው። ሁለቱም ሞክረውት አያውቁም። አባትየው «የብሩን ነገር ለእኔ ተወው፤ ልጆቼ ብቻ ሰልፍ ላይ እንዳይቆሙ» ብለውኛል። ሄሊኮፕተር፣ የግል ተራራ ምናምን ሲባል አያለሁ። ጨምሮ የከፈለ ሰው በትክክል የሚያገኘው ምንድን ነው?

የበላይ ዘር (ደብረ ማርቆስ)፦
ጮቄ ምን ጎደለው? ውርጩ በነጻ፣ ሰልፍ የለ 😄

የደጀን ልጅ (ኢንስብሩክ)፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሄሊኮፕተሩን እርሳው። እሱ ለተካኑ ሰዎች ነው፤ ማንም ያልረገጠው በረዶ ላይ አውርዶህ ይሄዳል፣ ከዚያ በእግርህ ያለው ነገር ነው የሚያወርድህ። የበረዶ ናዳም አለ። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1965 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነገር ነው። ፈረንሳይ ከ1985 ጀምሮ ለመዝናኛ ሰው በሄሊኮፕተር ተራራ ላይ ማውረድ ከልክላለች፤ እዚህ ኦስትሪያም በጥብቅ የተገደበ ነው።

አባትየው ያልነገሩህ ነገር አለ፤ ጀማሪ ባዶ ተራራ ምንም አያደርግለትም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፈው የኳስ ሜዳ በምታክል ለጥ ያለች ቁልቁለት ላይ ነው። ጫማው ራሱ ከባድ ፕላስቲክ ነው፤ ቁርጭምጭሚትን ቀፍድዶ ስለሚይዝ ሰው በተረከዙ እየረገጠ እንደ ሮቦት ነው የሚሄደው። መቆለፊያዎቹን ማጥበቅ፣ ወድቆ መነሣት፣ ሁለቱን ስኪ ፊታቸውን አጋጥሞ መቆም፤ ቀኑ በዚህ ያልቃል። ስለዚህ ገንዘቡን የግል አሰልጣኝ ላይ አውለው። አሰልጣኙ ለሁለቱ ብቻ ይሆናል፤ በብዙ ቦታ ደግሞ ከአሰልጣኝ ጋር ያለ ሰው ሊፍት (ሰውን በገመድ ወደ ተራራው የሚያወጣው) ላይ በተለየ መስመር ያልፋል። የሰልፉ ጉዳይ እዚያው አለቀ ማለት ነው። የተረፈውን ከበሩ ወጥተው በቀጥታ በረዶው ላይ የሚቆሙበት ሆቴል ላይ ክፈል።

ቦታ ካልከኝ እዚሁ ኦስትሪያ ያለችው የተራራ መንደር ሌኽ። ውድ ነው፣ ግን በቀን የሚቀበሉትን ሰው ቁጥር ይገድባሉ። ከፍታው አያስፈራህ፤ መንደሩ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ከባሕር ዳር ያንሳል። የሚያስቸግራቸው ብርዱ ነው።

ቀኑንም በደንብ መርጠዋል። የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ያለው የእኛ ጥር ጸጥ ያለ ነው። የካቲታቸው ሲገባ ግን የቪየና ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፣ ፈረንሳዮችም ይከተላሉ። ቅልቅል ምናምን ብለው ጉዞውን በሳምንት ካስገፉህ ገንዘባቸው አያድናቸውም።

ማርቆስ ከዴንቨር፦
አሜሪካ ውስጥ ሦስት ዓይነት ክፍያ አለ። አንደኛው ዩታ ያለው ዲር ቫሊ ነው፤ የቀን ትኬት ቆጥሮ ይሸጣል፣ ስኖውቦርድም (ሁለቱም እግር በአንድ ሰፊ ጣውላ ላይ የሚታሰርበትን) አያስገባም። ሁለተኛው ሞንታና ያለው የሎስቶን ክለብ፤ እሱ የአባላት የግል ተራራ ስለሆነ ለሳምንት እንግዳ አይሆንም። ሦስተኛው እንደ ኮፐር ማውንቴን በትኬቱ ላይ ጨምሮ የከፈለን በፈጣን መስመር የሚያሳልፍ ነው። ይኼኛው ብዙም አይመቸኝም። ሰልፉን ወደ ሌላው ሰው ገፋው እንጂ አላጠፋውም። ለማንኛውም ለሳምንት ጉዞ ብሎ የአሜሪካ ቪዛ ውስጥ መግባት አያዋጣም፤ የደጀኑን ልጅ ስማ።

እህተ ዳንግላ (ዱባይ)፦
እኔ ደግሞ ሲያልፉ አንድ ቀን እዚህ ይደሩ እላለሁ። ስኪ ዱባይ ከ2005 ጀምሮ ሞል ኦፍ ዘ ኤምሬትስ ውስጥ አለ፤ ጃኬቱ፣ ሱሪውና ጫማው ከትኬቱ ጋር ነው። ሙሽሪት በረዶውን ከጠላችው የሳምንት ሆቴል ሳይከፈል ይታወቃል 🙂

የደጀን ልጅ (ኢንስብሩክ)፦
እህቴ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ለብቻው ቢሆን ይሻላል። ለሳምንት ጉዞ ሁለት ቪዛ ያበዛባቸዋል።

ሌላ አባል (እንጅባራ)፦
ጸጥታ ከሆነ የተፈለገው ሜዳ ለሜዳ የሚሄደው ስኪ አለ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው በዚሁ ነው። ኦስትሪያ ዜፌልድ መናኸሪያው ነው፤ ሊፍት ስለሌለው ሰልፍም የለውም፣ ከቁልቁለቱም በጣም ይረክሳል። አንድ ቀን ቢሞክሩት ምን ይለዋል?

የደጀን ልጅ (ኢንስብሩክ)፦
እውነት ነው፣ ግን ላብ ያስወጣል። ሙሽሮች መሆናቸውን አትርሱ 😄

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንግዲህ ሌኽ ከግል አሰልጣኝ ጋር። ቪዛው ላይ የምታስጠነቅቁኝ አለ?

የደጀን ልጅ (ኢንስብሩክ)፦
የሸንገን (ኦስትሪያ ያለችበት የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ይከፈታል፤ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ሲያመለክቱ ገና ስላልተጋቡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የባንክና የሥራ ማስረጃ ይያዙ። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት፤ ለቪዛ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ስኪን አይጨምርም። «የስኪ ጉዳትና ከተራራ ማውረድን ይሸፍናል ወይ?» ብለህ በጽሑፍ አስመልስ። አሰልጣኙንም ሆቴሉ በተያዘበት ቀን አብረህ ያዘው፤ እንግሊዝኛ የሚናገሩት ቶሎ ያልቃሉ።

እህተ ዳንግላ (ዱባይ)፦
ጂንስ እንዳይለብሱ። ይረጥብና በብርዱ ግትር ይልባቸዋል። የፀሐይ ክሬምም ይያዙ፤ በረዶው ፀሐይን መልሶ ፊት ላይ ነው የሚተፋው።