በአምስተኛው ቀን ዓሦችና ወፎች ለምን ተባረኩ?

ወለተ ሥላሴ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ለታዳጊዎች ሥነ ፍጥረትን አስተምራለሁ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ከቁጥር 20 እስከ 23 ያለውን ስናነብ ከልጆቹ ሁለት ጥያቄዎች ተነሡ፤ ሁለቱንም በችኮላ መመለስ ስላልፈለግሁ ወደ እናንተ አመጣኋቸው።

የመጀመሪያው ይህ ነው። እግዚአብሔር በውኃ ውስጥ የሚንቀሳቀሱትንና በሰማይ የሚበሩትን ከፈጠረ በኋላ «ብዙ፣ ተባዙ» ብሎ ባርኳቸዋል። በማግስቱ የተፈጠሩት ከብቶችና የምድር አራዊት ግን መልካም መሆናቸው ከመነገሩ በቀር በረከት እንደ ተሰጣቸው አልተጻፈም። ይህ ለምን ሆነ? ሁለተኛው ደግሞ፣ ምዕራፍ 1 ወፎችን ከውኃ ፍጥረታት ጋር ሲያነሣቸው፣ ምዕራፍ 2 ቁጥር 19 የሰማይ ወፎች ከመሬት እንደ ተደረጉ ይናገራል፤ ሁለቱ እንዴት ይስማማሉ? የእኛ ልጆች የሚያውቁት ወንዝ ደቻቱ ነው፤ እርሱም ደጋው ሲዘንብ ካልሆነ በቀር አሸዋ ነው። ስለ ባሕር ሙላት ስነግራቸው ነገሩ ከቃል አልፎ እንዲገባቸው የሚያግዝ ማብራሪያ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

የአብነት ተማሪ (ሐረር)፦

እኅታችን፣ ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ መልሱ በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ግልጽ ነውና። በስድስቱ ቀናት የተፈጠሩት 22 ፍጥረታት ሲቆጠሩ የሐሙስ ድርሻ ሦስት ነው፤ እነርሱም ከውኃ የተገኙት በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩና በክንፍ የሚበሩ ናቸው። ዓርብ ደግሞ እነዚሁ ሦስት ወገኖች ከምድር ተፈጥረዋል፤ አራተኛው ሰው ነው። ስለዚህ ከውኃ የተገኙ ወፎች አሉ፣ ከምድር የተገኙም አሉ ማለት ነው። ምዕራፍ 2 ወፎችን ከመሬት ሲያነሣ የሐሙሱን ቃል አላፈረሰም።

ወደ በረከቱ ስንመለስ፣ መጽሐፈ ኩፋሌ በምዕራፍ 2 በአምስተኛው ቀን የተፈጠሩት ታላላቅ የባሕር አራዊት በእግዚአብሔር እጅ ከተሠሩት ሥጋ ለባሾች ሁሉ የመጀመሪያዎቹ መሆናቸውን ይናገራል። ሣርና ዛፍ ማክሰኞ፣ ፀሐይና ጨረቃ ረቡዕ ተፈጥረዋል፤ ነገር ግን ቃልን የሚቀበል ሕያው ነፍስ ያለው ፍጥረት ገና አልነበረም። በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያው በረከት የተነገረውም የመጀመሪያዎቹ ሕያዋን በተገኙ ጊዜ ነው። አባታችን አዳም ገና ከምድር አፈር ሳይበጅ፣ ዓሣውን የሚያጠምድ፣ ወፏን የሚያባርር አንድም ሰው ሳይኖር፣ ፈጣሪ በቀጥታ አነጋገራቸው። እኔ ከክፍሉ ሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ለልጆቹም ቀስ ተብሎ ሊነገራቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የዓርብ እንስሳት ያልተባረኩት ተጠልተው አይደለም። «ምድርን ሙሉአት» የሚለው በረከት በዚያው ቀን ለሰው ተሰጥቷል፤ እንስሳቱም ከሰው ጋር በአንድ ምድር የሚኖሩ ስለሆኑ ከእርሱ ተከትለው የሚጠቀሙ ይመስለኛል። ከጥፋት ውኃ በኋላም በምዕራፍ 8 ቁጥር 17 ከመርከቡ የወጡት ወፎች፣ እንስሳትና ተንቀሳቃሾች በምድር ላይ እንዲበዙ ታዝዟል።

የጀጎል ልጅ (ሐረር)፦

በቅድሚያ በእናንተ መጽሐፍ ላይ አስተያየት ለመስጠት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ እኔ ሙስሊም ነኝ። የአብነት ተማሪው የጻፉትን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። በቁርኣናችን በሱረቱል ኑር ቁጥር 45 አላህ ተንቀሳቃሽን ሁሉ ከውኃ እንደ ፈጠረ፣ ከእነርሱም በሆዱ የሚሳብ፣ በሁለት እግር የሚሄድና በአራት የሚሄድ እንዳለ ተነግሯል። «በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ» ከሚለው አከፋፈል ጋር ያለው ቅርበት ለጎረቤት ልብ የሚያስደስት ነው።

ስለ ወፎች ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአላህ ላይ በእውነት ብትመኩ ኖሮ በጠዋት ተርባ ወጥታ በማታ ጠግባ የምትመለሰውን ወፍ እንደሚመግብ ይመግባችሁ ነበር ብለዋል። በጀጎል ውስጥ በሥጋ ገበያው ላይ የሚያንዣብቡትን ጭልፊቶች የተመለከተ ሰው ይህን በየቀኑ ያየዋል፤ ከገዢው እጅ ሥጋ ነጥቀው ሲሄዱ እንኳ የከተማው ሰው ሲቆጣ አይታይም።

ለገሃሬ (ድሬዳዋ)፦

የተጻፈው ሁሉ ጠቅሞኛል፤ በአንድ ነገር ላይ ብቻ ጥንቃቄ እጠይቃለሁ። በእጃችን ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውኃ ተንቀሳቃሾችን እንድታስገኝ ካዘዘ በኋላ ስለ ወፎች የሚለው «ይብረሩ» ብቻ ነው፤ ከምን እንደ ተገኙ አይናገርም። የአባቶችን ትምህርት አከብራለሁ፤ ለልጆች ሲነገር ግን በጥቅሱ ላይ የተጻፈውና በትውፊት የተቀበልነው ተለይተው ቢቀርቡ መልካም ነው።

ለእኔ የክፍሉ ክብደት በቁጥር 21 ላይ ነው። ጥንት በባቢሎን ባሕር እንደ አምላክ ትፈራ ነበር፤ ማርዱክ የተባለው ጣዖታቸው ቲያማት የተባለችውን የባሕር ጭራቅ ገድሎ ከሬሳዋ ሰማይና ምድርን እንደ ሠራ ይተርኩ ነበር። ኦሪት ግን ከታላላቆቹ አንበሪዎች ጋር ጦርነት አያውቅም፤ እግዚአብሔር ፈጠራቸው፣ መልካም እንደ ሆኑ አየ፣ ባረካቸው። ሰው የሚሰግድለትና የሚርበደበድለት ያ አስፈሪ ፍጥረት ከትንሿ ዓሣ ጋር በአንድ ቃል ተባርኮ አለፈ። መዝሙር 104 ደግሞ ዘንዶው በባሕር ውስጥ ይጫወት ዘንድ እንደ ተፈጠረ ይናገራል።

በጂቡቲ ወደብ ስሠራ በነበረበት ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የሚባለውን፣ ከዓሦች ሁሉ ትልቁን አይቻለሁ። በብርድ ወራት ወደዚያ ዳርቻ ይመጣል። አፉ ሰውን የሚውጥ ቢመስልም የሚመገበው በውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው፤ ሰዎች አጠገቡ ሲዋኙ አይነካቸውም። እኅታችን የዚህን ዓሣ ሥዕል ለልጆቹ ቢያሳዩአቸው ታላላቆቹ አንበሪዎች ለምን መልካም እንደ ተባሉ ይረዱታል ብዬ አስባለሁ።

የአብነት ተማሪ (ሐረር)፦

የወንድማችንን ጥንቃቄ እቀበላለሁ፤ ተለይቶ ይነገር። ሆኖም ትምህርቱ ያለ መሠረት አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ስድስቱ ቀናት ሲሰብክ የሚዋኘውና የሚበረው ዘመዳሞች መሆናቸውን አስተምሯል፤ ዓሣ በክንፉ ውኃውን ከፍሎ እንደሚሄድ ወፍም አየሩን ከፍላ ትሄዳለችና ሁለቱም ከውኃ የተገኙ ናቸው ብሏል።

ከሐረማያ፦

እኔ የማነሣው «የባሕርን ውኃ ሙሉአት» የሚለውን ነው። ሐረማያ ሐይቅ ዓሣ የሚሰገርበት፣ የውኃ ወፎች የሚሰፍሩበትና ሐረር የምትጠጣው ውኃ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ያለ ልክ ሲሳብ፣ ከተራቆተው ተራራም ደለል ሲገባበት ቆይቶ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ፤ ከብቶች በመሐሉ ሲግጡ አይተናል። በቅርብ ዓመታት ውኃው ሲመለስ ወፎቹም ተመልሰዋል።

ስለዚህ ሰው የተሰጠው ግዛት ቀድሞ የተሰጠውን በረከት የሚሽር ነው ወይ ተብሎ በልጆቹ ፊት ቢጠየቅ ጥሩ ነው። ነቢዩ ሆሴዕ በምዕራፍ 4 ቁጥር 3 በሰው ኃጢአት ምክንያት ምድሪቱ እንደምታለቅስ፣ የሰማይ ወፎችና የባሕር ዓሦችም እንደሚያልቁ ይናገራል። በዘዳግም 22 ከቁጥር 6 ጀምሮ ደግሞ በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ታዝዟል። እናቲቱ ከተረፈች ዳግመኛ ትወልዳለች፤ «ወፎችም በምድር ላይ ይብዙ» የሚለው የሐሙስ ቃል በሕጉ ውስጥ የተጠበቀው እንዲህ ይመስለኛል።

ወለተ ሥላሴ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጀጎሉን ወንድማችንንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የጭልፊቶቹን ነገር ከማቴዎስ 6 ቁጥር 26 ጋር አያይዤ እነግራቸዋለሁ። በሚቀጥለው እሑድ የሐሙስን ፍጥረት በዘፍጥረት እንዳለው አንብበን፣ የአባቶችን ትምህርት ለብቻው አስከትዬ፣ በሐረማያና በዘዳግም ሕግ ላይ ሰፊውን ጊዜ ለመስጠት ወስኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ዓሦች ወደ ኖኅ መርከብ ያልገቡት በረከታቸው በውኃ ውስጥ ስለ ነበረ ነው ብሎ ማስተማር ይቻላል?

የአብነት ተማሪ (ሐረር)፦

ይቻላል፤ ምዕራፍ 7 ቁጥር 22 የሞቱት በየብስ የነበሩት እንደ ሆኑ ለይቶ ይናገራልና። ወፎቹ ግን በምድር ላይ እንዲበዙ ስለ ተባረኩ፣ ምድር ስትሰጥም የሚያርፉበት አጥተው ወደ መርከቡ መግባት አስፈልጓቸዋል።