ሐይቅ ላይ ለሚሠራ የጀልባ ሞተር የትኛው ካምሻፍት ይሻላል?

ኮምቦልቻ ጋራዥ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ኮምቦልቻ የምንጠግነው 5.7 ሊትር የሼቭሮሌት ቪ8 የጀልባ ሞተር አለ፤ ጀልባው የሚሠራው ከደሴ በስተሰሜን ባለው፣ ስሙም «ሐይቅ» በተባለው ሐይቅ ላይ ነው። ባለቤቱ ፍጥነት ስለሚፈልግ ቫልቮቹን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ፣ ለእሽቅድምድም መኪና የተሠራ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው ባለጉብታ ዘንግ) እንድንገጥምለት ይጠይቃል። ይስማማል ትላላችሁ?

ጦሳ፦
አይስማማም። የማቀዝቀዣው ውሃ ከጭሱ ጋር በአንድ ቱቦ የሚወጣ ከሆነ፣ የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቮች አብረው ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ሲረዝም፣ ሞተሩ በዝግታ በሚዞርበት ወቅት ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ተመልሶ ሊሳብ ይችላል፤ ሻማ ፈትታችሁ ጫፉ ዝጎ ካገኛችሁት አንዱ ምልክት ይኸው ነው። በማስገቢያውና በማስወጫው የካም ጉብታዎች መካከል ያለው ማዕዘን ከ112 እስከ 114 ዲግሪ የሆነውን ምረጡ።

ቦርከና፦
ጦሳ ባሉት ላይ የከፍታውን ጉዳይ ልጨምር። ይህ ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የማስገቢያውን ቫልቭ አዘግይቶ የሚዘጋ ካም ደግሞ በዝቅተኛ ዙር የቀረውንም ግፊት ስለሚቀንሰው ጀልባው ከውሃው ቀና ብሎ ለመንሸራተት ይቸገራል። እኔ ብሆን አስቀድሜ ፕሮፔለሩን አነስተኛ ፒች (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ርቀት) ባለው እቀይር ነበር፤ ወጪውም ይቀላል።

ኮምቦልቻ ጋራዥ፦
እናመሰግናለን፤ ባለቤቱን ማሳመኑ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ካሙን ከቀየርን አሮጌዎቹን ታፔቶች (በካሙ ጉብታ ላይ እያረፉ የቫልቩን እንቅስቃሴ የሚያስተላልፉትን ክፍሎች) መልሰን ብንጠቀምስ?

ጦሳ፦
ሮለር (ጫፋቸው ተሽከርካሪ) ካልሆኑ በፍጹም፤ አዲስ ካም ከአዲስ ታፔት ጋር ይገጠማል። ሞተሩ እንደተነሣም በዝግታ እንዲዞር ሳትተዉት በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር ከፍ አድርጋችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል አቆዩት፤ የማቀዝቀዣውን ውሃ ግን ቀድማችሁ ክፈቱ።