«ጌት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ትርጉሙ ስንት ነው? (ጥያቄና መልስ)

ተማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መዝገበ ቃላቱ «ጌት» ማለት «ማግኘት» ነው ይላል። ግን በኃላፊ ጊዜ ቅርጹ በ«ጎት» የተነገሩት «አይ ጎት ታየርድ»፣ «አይ ጎት ሆም ሌት» እና «አይ ጎት ማይ ካር ፊክስድ» ላይ «አገኘሁ» ብዬ ስተረጉም ምንም ስሜት አይሰጥም። የትርጉም ዝርዝር ሳልሸመድድ የምለይበት ዘዴ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሰዋስው፦ ትርጉሙን ከ«ጌት» ቀጥሎ ከመጣው ቃል ፈልጊው። ስም ከተከተለ መቀበል፣ መግዛት ወይም ማምጣት ነው፦ «አይ ጎት ኤ ሌተር» ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ጌት ሚ ኤ ቼር» ወንበር አምጣልኝ። ቦታ ከተከተለ መድረስ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርሽ «አምሽቼ ቤት ገባሁ» ማለት ነው። «ሆም»፣ «ሂር» እና «ዜር» ፊት «ቱ» አይገባም፤ ሌላ ቦታ ሲሆን ግን የግድ ነው፦ «ጌት ቱ ዘ ኤርፖርት»።

ቅጽል ከተከተለ የሁኔታ ለውጥ ነው። አማርኛችን የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነው። አሁን ለሚሰማን ድካም «ደከመኝ» ስለምንል፣ ብዙ ሰው ቀጥታ «አይ ጎት ታየርድ» ይላል። ይህ ግን ያኔ ደከመኝ ማለት ነው። አሁን ከደከመሽ «አይ አም ታየርድ»፣ ድካሙ እየመጣ ከሆነ «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ» በይ። ራብና ብርድም እንደዚሁ ናቸው።

አርታዒ፦ ሦስተኛውን ልመልስ። ቅደም ተከተሉ «ጌት»፣ ከዚያ ዕቃው፣ ከዚያ የግሡ ሦስተኛ ቅርጽ ነው። ሥራውን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ በአማርኛ «መኪናዬን አሠራሁ» እንደምንለው። ዕቃው ቦታውን ከለቀቀ ዓረፍተ ነገሩ ይበላሻል፦ «አይ ጎት ፊክስድ ማይ ካር» አይባልም። «አይ ፊክስድ ማይ ካር» ካልሽ ደግሞ ራስሽ ጠገንሽው ማለት ነው። በጣም የሚዘወተረው ስህተት ፀጉር ላይ ነው። «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» ለማለት «አይ ከት ማይ ሄር» ይባላል፤ ሰሚው ግን መቀሱን ራስሽ የያዝሽ ይመስለዋል። «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» በይ። «ከት» በሦስቱም ቅርጾች አይለወጥም፣ ስለዚህ ትርጉሙን የሚለዩት «ጎት» እና የቃላቱ ቦታ ናቸው።

ሳይፈልጉት የደረሰ ጉዳትም በዚሁ ቅርጽ ሊነገር ይችላል፦ «ሺ ጎት ኸር ፎን ስቶለን» ስልኳን ተሰረቀች።

ሥራውን የሚሠራው ሰው ከ«ጌት» ቀጥሎ ከተጠቀሰ ከግሡ ፊት «ቱ» ይጨመራል፦ «አይ ጎት ሂም ቱ ሳይን» አስፈረምኩት። «ሜክ» ግን «ቱ» አይወስድም፦ «አይ ሜድ ሂም ሳይን»፤ ይህኛው የማስገደድ ስሜት አለው።

ተማሪዋ፦ በጣም አመሰግናለሁ፣ ግልጽ ሆነልኝ። «አይ ጎት ቱ ሲ ሂም» እና «አይቭ ጎት ቱ ሲ ሂም» አንድ ናቸው?

ጆሮ፦ አይደሉም እህቴ። የመጀመሪያው «ላየው ቻልኩ፣ ዕድሉን አገኘሁ» ነው፤ ያለፈ ነገር ነው። ሁለተኛው «ላየው ይገባኛል» ነው፣ ገና አልሆነም። ልዩነቱ ያቺ «ቭ» ናት፣ በፈጣን ንግግር ደግሞ ትዋጣለች። «ጋታ» የሚል ከሰማሽ አብዛኛውን ጊዜ ግዴታ ነው። ካጠራጠረሽ ጊዜ አመልካቹን አድምጪ፦ «የስተርደይ» ካለ ዕድል፣ «ቱሞሮው» ካለ ግዴታ ነው።

ሰዋስው፦ «ጎተን» የሚባለውንም እወቂው። አሜሪካውያን ለሦስተኛው ቅርጽ ይጠቀሙበታል፣ በብሪታኒያ «ጎት» ይበዛል። አሜሪካዊ «አይ ሃቭ ጎት ኤ ካር» ሲል መኪና አለኝ ማለቱ ነው፤ «አይ ሃቭ ጎተን ኤ ካር» ካለ ግን መኪና ማግኘቱን እየነገረሽ ነው።

አርታዒ፦ አንድ ልጨምር፤ «ከእሱ ጋር ተጋባሁ» ስለምንል «ጎት ሜሪድ ዊዝ ሂም» እየተባለ ይጻፋል። ትክክለኛው «ጎት ሜሪድ ቱ ሂም» ነው። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደግሞ «ጌት»ን ቀንሺ፤ ለመቀበል «ሪሲቭ»፣ ለመሆን «ቢካም» ይሻላሉ።

ጆሮ፦ መሳፈርም አለ። አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን ውስጥ ቆመሽ ስለምትራመጂ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ» ይባላል፤ ብስክሌትም ላዩ ላይ ስለሚወጣ እንዲሁ ነው። ጎንበስ ብለሽ ለምትገቢባቸው ለቤት መኪናና ለታክሲ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት ኦፍ» ነው።