«ዳሳሽ»፣ «ሰደርያ»፣ «ቀላድ»፦ ለኳስ ሜዳው አዲስ ዕቃ ምን ስም እናውጣለት?

ባለበርኖስ፦
ትናንት ደብረ ብርሃን አንድ ሻይ ቤት ጨዋታ ስናይ ተንታኙ «ተጫዋቹ በለበሰው ዳሳሽ መሠረት» አለ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «ማን ነው የሚዳስሰው?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ አደረ። መብራት ሲጠፋ ክብሪት እንደምንፈልገው፣ «ዳሰሰ» እኮ ዓይን ያላየውን በእጅ መፈለግ ነው። ይህ ሴንሰር የሚሉት ዕቃ ምንም አይፈልግም፤ ተቀምጦ የደረሰበትን ይመዘግባል። ለእሱም፣ ደረት ላይ ለሚታሰረው ልብስም፣ ለኦፍሳይድ መስመሩም የተሻለ ቃል ያላችሁ ወዲህ በሉ።

የጠባሴ ልጅ፦
ደረት ላይ አይደለም፣ ጀርባ ላይ ነው። ከማጅራት ዝቅ ብሎ ትንሽ ኪስ አለችው፤ መሣሪያው እዚያ ይገባና ከሳተላይት ምልክት እየተቀበለ በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል የልጁን ቦታ ይይዛል። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አይፋብ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው በውድድር ላይ እንዲለበስ የፈቀደው። ስሙን በተመለከተ የሰፈር ልጆች «ጡት መያዣ» ይሉታል፤ ጎል ያገባ ተጫዋች ማሊያውን ሲያወልቅ አይተው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ለቁም ነገር ከሆነ ግን «ሰደርያ» በቂ ነው። እጅጌ የለውም፣ ሰውነት ይይዛል፣ ኪስ አለው። ሌላ ምን ቀረ?

መምህርት ዘአንኮበር፦
ሰደርያውን ተቀብያለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ከሰደርያው የሚወጣው ቁጥር የሚነገርበት አማርኛ ነው። ፊፋ በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን ፍጥነት በአምስት ከፍሎ አቅርቦ ነበር፦ በሰዓት እስከ 7 ኪሎ ሜትር፣ ከ7 እስከ 15፣ ከ15 እስከ 20፣ ከ20 እስከ 25፣ ከዚያ በላይ። የእኛ ዘጋቢዎች ይህን «ዝቅተኛ ፍጥነት፣ መካከለኛ ፍጥነት፣ ከፍተኛ ፍጥነት፣ እጅግ ከፍተኛ ፍጥነት» እያሉ ያደርቁናል። ፈረስ በሚያውቅ አገር ይህ ምን የሚሉት ድህነት ነው? እርምጃ፣ ዱብ ዱብ፣ ሶምሶማ፣ ግልቢያ፣ ሽምጥ። አምስት ለአምስት። «አጥቂው 40 ጊዜ ሽምጥ ወጣ» ቢባል የማይገባው ሰሜን ሸዌ አለ?

የጠባሴ ልጅ፦
መምህርት፣ ዱብ ዱብ እና ሶምሶማ አንድ አይደሉም እንዴ?

መምህርት ዘአንኮበር፦
አይደሉም የኔ ልጅ። ዱብ ዱብ እያልክ ከጓደኛህ ጋር ወሬ ታወራለህ። ሶምሶማ ላይ ወሬው ያጥርሃል።

ባለባንዲራው፦
እኔ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳም (ከተማዋን ማለቴ ነው) መስመር ላይ ባንዲራ ይዤ የሮጥኩ ሰው ነኝ። ስለ መስመሩ እኔን ጠይቁኝ።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ጠማማ ነው። ኦፍሳይድን «ከጨዋታ ውጪ» ብለን ተረጎምነው። ታዲያ ኳስ መስመር ስታልፍ ምን እንበል? እሷም ከጨዋታ ውጪ ናት! ጃፓን ስፔንን 2 ለ 1 ባሸነፈችበት የኳታሩ ጨዋታ ሚቶማ ከጎል መስመሩ ጫፍ የመለሳት ኳስ ጎል ስትሆን ይህ ውዥንብር እኛ ሰፈር ጠብ ሊያስነሳ ነበር። አንዱ «ከጨዋታ ውጪ አይደለም» ሲል ስለ ኳሷ ነው፤ ሌላው ስለ ተጫዋቹ መስሎት ይሟገታል። ሕጉ ኳሷ ወጣች የሚለው ሁለመናዋ መስመሩን ካለፈ ነው፤ ትንሽ ጠርዟ በላዩ ካለች ገና ውስጥ ናት። ስለዚህ ለተጫዋቹ «ኦፍሳይድ»፣ ለኳሷ «ወጣች» በሉና ተገላገሉ። የተዋስነውን ሁሉ መመለስ የለብንም።

ሁለተኛ፣ በቴሌቪዥን ላይ የሚዘረጋው መስመር እንደ ጥንቱ የመሬት መለኪያ ገመድ «ቀላድ» ይባል። በኳታር ከጣሪያው ሥር 12 ካሜራ ተሰቅሎ ከእያንዳንዱ ተጫዋች አካል 29 ነጥብ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይለቅም ነበር፤ ኳሷ ውስጥ ያለው መሣሪያ ደግሞ በሴኮንድ 500 ጊዜ ይናገራል፣ የተመታችበትን ቅጽበት ለመያዝ። ይኼ ቀላድ መጣል ካልሆነ ምንድን ነው?

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጨምር። የእኛ ልኬት ከገላችን የወጣ ነው፤ ክንድ፣ ስንዝር፣ ጋት፣ ጣት። ዛሬ መሣሪያው ገላችንን መልሶ ሲለካ ትከሻ ይቆጥራል፣ ጉልበት ይቆጥራል፣ የእግር ጣት ይቆጥራል፤ ለኦፍሳይድ የማይቆጠረው ክንድ ከነእጁ ብቻ ነው። ስንቱን ሸማ የለካው ክንድ!

ባለበርኖስ፦
ጋሼ፣ ቀላድን ይተዉልኝ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ የርስት አገር ሰው ቀላድ ሲባል መሬቱ የሚሄድበት ይመስለዋል።

ባለባንዲራው፦
እኮ! ጎሉ የተሰረዘበትም እንደዚያው ነው የሚሰማው። በመክፈቻው ጨዋታ የኢኳዶሩ ቫሌንሲያ ገና በሦስተኛው ደቂቃ ያገባት በቀላድ ነው የሄደችበት።

መምህርት ዘአንኮበር፦
እኔ ደግሞ «ኤሌክትሮኒክ ዳኝነት» የሚለው ይነሣልን እላለሁ። በአማርኛ «ልክ» የሚባል ተንኮለኛ ቃል አለ። «የጫማህ ልክ ስንት ነው?» ሲባል መጠን ነው፤ «ልክ ነህ» ሲባል እውነት ነው። በአንድ ቃል ሁለቱንም ስለያዝን፣ በሚሊ ሜትር የተለካ ነገር ሁሉ የተፈረደ ይመስለናል። መሣሪያው የሚሰጠን የጫማውን ልክ ነው። ያ የቆመው ልጅ በረኛውን ከልሎታል ወይስ ዝም ብሎ ቆሟል? እጁ ኳስ የነካው ሆን ብሎ ነው? ይህን የሚመልስ ሰው ነው። ኦፍሳይዱም ቢሆን «ከፊል አውቶማቲክ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኳታር ማሽኑ መጀመሪያ የሚጠቁመው ለቪዲዮ ዳኞቹ ነበር፣ እነሱ አይተው ሲያረጋግጡ ነበር ለመሀል ዳኛው የሚነገረው። የጎል መስመሩ መሣሪያ እንኳ የሚያደርገው የዳኛውን የእጅ ሰዓት መንዘር ነው፤ ፊሽካው ያለው ዳኛው አፍ ላይ ነው።

ተጫዋች ሲያስቸግር ደግሞ «ዳኛው ልክ አስገባው» እንላለን። መሣሪያ ይለካል እንጂ መቼ ልክ ያስገባል?

የጠባሴ ልጅ፦
«ለካ»ንም አይርሱ መምህርት። ዳኛው ጆሮውን ይዞ ቆሞ ቆሞ ጎሉን ሲሰርዘው ሻይ ቤቱ በአንድ ድምፅ የሚለው «ለካ ኦፍሳይድ ነበር!» ነው። ለካው፣ ለካ!

ግን የመጀመሪያው ጥያቄ አልተመለሰም። «ዳሳሽ» በምን ይተካ?

መምህርት ዘአንኮበር፦
«እማኝ»። ፖርቱጋል ከኡራጓይ ስትጫወት ክርስቲያኖ ሮናልዶ በግንባሬ ነክቻታለሁ ብሎ ጨፈረ፤ ጎሉ ግን ለብሩኖ ፈርናንዴዝ ተመዘገበ። ኋላ ኳሷ ውስጥ ያለው መሣሪያ ምንም ንክኪ አልተሰማኝም አለ። አልዳሰሰም፣ መሰከረ። ይኼ እማኝ ነው።

ባለበርኖስ፦
ዛሬ ጠዋት ሽማግሌውን እዚያው ሻይ ቤት አገኘኋቸው። «አባቴ፣ ዳሳሽ ማለት ቀርቶ እማኝ ሊባል ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ጥሩ ቃል ነው። ግን እማኝ ይቆጠራል እንጂ ራሱ አይመጣም። ማን ቆጠረው?» አሉኝ።

ለሮናልዶው ነገር የተናገረው ኳሷን የሠራው ኩባንያ ነው አልኳቸው።

«ባለጉዳዩ?» ብለው ብርጭቋቸውን አነሡ።