ነገ ጠዋት የማላውቃት እናት ልጇን ልታመጣ ነው፤ ምን ልጠይቃት?

ጠያቂ (ደሴ፣ ሆጤ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቤቴ ልጆች ተቀብዬ አውላለሁ። በቅርቡ አንድ ቤተሰብ የሁለት ወር ክፍያ ሳይሰጠኝ ቤት ለቅቆ የሄደ ሲሆን ስልካቸውም አይሠራም። ዛሬ ደግሞ አንዲት ሴት ደውላ ልጇን ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እንደምታመጣ ነገረችኝ፤ የት እንደምትኖር ስጠይቃት «ስንገናኝ እንነጋገራለን» ብላ ዘጋችው። ልቀበላት ወይስ ልመልሳት? እባካችሁ ዛሬ ማታ መልሱልኝ።

የጢጣዋ እናት፦
የልጁን ዕድሜ አልጻፍሽም። የሚጠባ ሕፃንና ሮጦ የሚጫወት ልጅ አንድ አይደሉም።

ጡረተኛ መምህር፦
እህቴ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቀድሞ በደሴ ልጅ የሚውለው ከአያት ወይም ከጎረቤት ዘንድ ስለነበር ማን የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ዛሬ ግን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ ለሥራ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ በአቅራቢያቸው ዘመድ የሌላቸው እናቶች በዝተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 የሥራ ቀን ነውና ሕፃኑ ገና በአራት ወሩ ገደማ እናቱ ወደ ሥራ ትመለሳለች። ስለዚህ ችኮላዋን ብቻ አይተሽ አትጠርጥሪያት።

ሸዋ በር ነኝ፦
የወሩን ክፍያ በቅድሚያ ተቀበይ። ሌላው ትርፍ ነው።

አንድ አባት፦
ጥያቄው የተገለበጠ ይመስለኛል። ልጁን አምና የምትሰጠው እናቲቱ ናት፤ መመርመር ያለባት እርሷ እንጂ አንቺ አይደለሽም።

የኮምቦልቻዋ ሞግዚት፦
ወንድሜ፣ መተዋወቁ የሁለቱም ነው። ልጁ ቢታመም የምንደውልለትን ሰው ካላወቅን አደራውን እንዴት እንወጣዋለን?

እህቴ፣ አብሽሪ። ዛሬውኑ ደውለሽ በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት አብራሽ እንድትቆይ ንገሪያት። መታወቂያዋን አይተሽ ቅጂውን ያዢ፤ የአከራይዋን ወይም የቅርብ ዘመዷን ስልክ ተቀብለሽ እዚያው ፊቷ ደውይ። ልጁን ከዚህ በፊት ማን ያውለው እንደነበርና ለምን እንደተለያዩ ጠይቂ፤ የቀድሞ ሞግዚቶቿን ሁሉ የምትወቅስ ከሆነ ረጋ ብለሽ አስቢበት። ልጁን ማን ማን ሊወስደው እንደሚችል በጽሑፍ ትስጥሽ፤ ወላጆቹ ተለያይተው ከሆነም የፍርድ ቤት ውሳኔ ካለ አይተሽ ቅጂውን ያዢ። የክትባት ካርዱንም ተመልከቺ፤ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ስለሚሰጥ፣ ዕድሜው ደርሶ ካልተከተበ ጤና ጣቢያ እንድትወስደው ንገሪያት።

በእኛ በወሎ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ በአንድ ቤት ይውላልና ስለ ሥጋና ስለ ጾም መጠየቅንም አትርሺ። ይህ ልጁን በሚገባ ለማብላት እንጂ ቤተሰብን ለመለየት አይደለም።

አንዲት እናት በልጇ የክትባት ካርድ ጀርባ ሐይቅ ከተማ የሚኖሩትን የአያቱን ስልክ ጽፋ ሰጠችኝ። ስደውል አያቲቱ ልጁ የወፍጮ ድምፅ ሲሰማ እንደሚደነግጥና ካልታቀፈ ዝም እንደማይል ነገሩኝ። ቤቴ ከወፍጮ ቤት አጠገብ ስለሆነ ያ ንግግር ከየትኛውም ወረቀት በላይ ጠቅሞኛል።

ሌላ አባል፦
ከሁሉ በፊት ቅድሚያ ክፍያ።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጥልኝ። ልጁ ሁለት ዓመቱ ነው አለችኝ። ሥራዋ ኮምቦልቻ በፈረቃ ነው። አሁን ስደውል ስልኳ ዝግ ነው።

የኮምቦልቻዋ ሞግዚት፦
እንግዲያው የፈረቃ ሰዓቷን ጽፋ ትስጥሽ፤ በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ማታ ማን እንደሚወስደው አሁኑኑ ይታወቅ። ከሰዓቱ ካለፈ የሚጨመረውንም ክፍያ በውሉ ላይ አስፍሩት፤ ሁለታችሁም ፈርሙና ጎረቤት ይመስክር። በስልክ ሳታገኚያት በር ላይ ከደረሰችም ልጁን ብርድ ላይ አታቁሚው፤ ሁለቱንም አስገቢ፤ መታወቂያዋንና የዘመዷን ስልክ ሳትይዢ ግን እርሷን ወደ ሥራ አትሸኚያት።