የእድር ገንዘብ ለክብደት አንሺ ጉዞ ይዋል ወይስ አይዋል?

ለውይይት የቀረበው ሐሳብ፦ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ባለችው ጠባብ ጂም ለዓመታት እየሠሩ ወጣቶችንም ሲያሠለጥኑ የኖሩት የ54 ዓመቱ ጎረቤታችን፣ በውጭ አገር በሚካሄደው የአንጋፋዎች ፓወርሊፍቲንግ (በሦስት ዓይነት አነሣሥ የሚካሄድ የብረት ማንሳት ውድድር) ሻምፒዮና ለመወዳደር አስበዋል። የጉዞ ወጪያቸው ከእድራችን ተቀማጭ ይሸፈን የሚል ሐሳብ ባለፈው ስብሰባ ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀርቷል።

የጂሙ ሠልጣኝ፦ እደግፋለሁ። ጋሼ ከአሮጌ ኢሱዙ ማርሽ በተበየደ ብረት ጀምረው፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያለ ክፍያ አሠልጥነዋል። «በዚህ ዕድሜ ምን ውድድር?» የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አንጋፋዎችን ከ40 እስከ 49፣ ከ50 እስከ 59፣ ከ60 እስከ 69 እና ከ70 በላይ ብሎ በዕድሜ ስለሚከፍል፣ የሚጋጠሙት ከእኩዮቻቸው ጋር ነው።

የእድሩ ገንዘብ ያዥ፦ ሰውየውን እኔም አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ይህ ገንዘብ የተሰበሰበው ለድንኳን፣ ለቀብርና ለሐዘንተኛ ነው፤ በቆሎ ጠብሰው ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍሉት እናት ለአውሮፕላን ቲኬት ብለው አላዋጡም። በዚያ ላይ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ቲኬቱም፣ ሆቴሉም፣ መመዝገቢያውም የሚተመነው በዶላር ነው። ደግሞስ ሦስቱም የስኳት፣ ማለትም ብረት በትከሻ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ የመነሣት፣ ሙከራዎች ቢበላሹ ከድምሩ ውጭ ይሆኑ የለምን?

የጂሙ ሠልጣኝ፦ ይሆናሉ፤ ሕጉ እንዲያ ነው። ስኳት፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት) እና ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም) እያንዳንዳቸው ሦስት ሙከራ አላቸው፤ የየአንዳንዳቸው ከፍተኛው ይደመራል፤ በስኳት ሲቀመጡ ዳሌያቸው ከጉልበታቸው በታች ካልወረደ ዳኞቹ አያጸድቁም። ግን ማራቶን ያቋረጠን ሯጭ የቲኬቱን ገንዘብ መልስ ያለው ማን ነው?

አንድ ነዋሪ፦ መንግሥት ለምን አይከፍልም?

የጂሙ ሠልጣኝ፦ ኦሊምፒክ ላይ ያለው ስናችና ክሊን ኤንድ ጀርክ የሚባሉት፣ ብረቱ ከራስ በላይ የሚነሣባቸው የክብደት ማንሳት ዓይነቶች ናቸው። የእኛው ስፖርት በፓራሊምፒክ (በአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ) ካልሆነ፣ እዚያም በቤንች ፕሬስ ብቻ፣ የለም። በጀት ሲደለደል ወደ ኋላ የሚቀረውም ለዚህ ይመስለኛል።

የስብሰባው ሰብሳቢ፦ ስለ ገንዘቡ ብዙ ተባለ፤ ስለ ወረቀቱ ግን ማንም አላነሣም። በዓለም ሻምፒዮና ተወዳዳሪ የሚመዘገበው በአገሩ አባል ፌዴሬሽን በኩል እንጂ በግሉ አይደለም። ስለዚህ የፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ሳይያዝ አንድ ብር መሰብሰብ የለበትም፤ ሰው አንዴ አዋጥቶ ጉዞው ከቀረ፣ ለሚቀጥለው ችግረኛ እጁን አይዘረጋም። ደብዳቤው ከመጣ የእድሩ ተቀማጭ ሳይነካ፣ በፈቃደኝነት ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ይሰብሰብ፤ የቲኬቱም ክፍያ በቀጥታ ለጉዞ ወኪሉ ይግባ።

የእድሩ ገንዘብ ያዥ፦ እንዲህ ከሆነ ከኪሴ 1,000 ብር እሰጣለሁ፤ ከእድሩ ግን አምስት ሳንቲም አይወጣም።

የጂሙ ሠልጣኝ፦ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሰጪዎች ስም ከነመጠኑ በየብሎኩ በር አይለጠፍ፤ 50 ብር ያለው ሰው አፍሮ እንዳይቀር።